የተቀጠለ ዘመን፦ ድሬድን ማቅለምና መቀጠል ጎንደር ላይ ለምን ያከራክራል?

ድሬድ፣ ማለትም ሳይበጠር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ገመድ የሚወርድ ፀጉር፣ በጎንደር ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ አዲስ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ክርክሩ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ድሬዱን ወርቃማ ወይም ቀይ ማቅለምና በሂውማን ሄር፣ ማለትም ለሽያጭ በተዘጋጀ የሌላ ሰው ፀጉር፣ ማስረዘም ከተለመደ ወዲህ ይበልጥ ተወሳስቧል። አንዱ ወገን ነገሩን ከውጭ የመጣ የዘፋኞች ወግ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ፀጉር የባለቤቱ ነውና ማንም ሊፈርድበት አይገባም ይላል። ድሬድ ያሳደጉት ራሳቸውም ቢሆኑ በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ማበጠሪያና መቀስ ሳያስነኩ ዓመታት የጠበቁት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወገቡ የሚደርስ ፀጉር ይዞ የሚነሣውን ሰው እንደ እኩያቸው ለመቀበል ይቸገራሉ።

ለዚህ ቅሬታ አዘውትረው የሚሰጡት ሁለት ምክንያቶች በጥሞና ሲመረመሩ ብዙም አይራመዱም። የመጀመሪያው ባዕድነት ነው። ድሬድ «የራስታ ፀጉር» እየተባለ መጠራቱ፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት 5 ጋሻ መሬት የሰፈሩትን ጃማይካውያን ያስታውሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብም ይህን ፀጉር ከኢትዮጵያ ስም ጋር ለዓለም አስተሳስሮታል። ይሁን እንጂ የሰሜኑ ደጋ ሰው ያልተበጠረ ፀጉር ለማየት ሻሸመኔንም ሆነ ኪንግስተንን አልጠበቀም። በዋልድባ በረሃ እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየበሉ የሚኖሩ መነኮሳትን፣ ከዋሻ ወደ ከተማ ብቅ የሚሉ ፀጉራቸው የተንዠረገገ ባሕታውያንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየአጥቢያው ሥዕል ላይ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ገላቸው በፀጉር ተሸፍኖ የሚታዩትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያውቃል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፀጉርን ማስጌጥ ራሱ ነውር ነው የሚለው ነው፤ ይህም ሹሩባ ተሠርታ፣ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ተቀብታ፣ እጅና እግሯን እንሶስላ ሞቃ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የምትወርድ ሴት በምትወደስበት ከተማ ብዙ አያስኬድም።

ከሁለቱም ይልቅ የሚያስረዳው፣ ብዙም የማይነገረው ምክንያት፣ በዚህ አገር ፀጉር የዘመን ማስረጃ ሆኖ መኖሩ ነው። የሕፃን ቁንጮና ጋሜ ዕድሜን ይናገሩ ነበር፤ ሳዱላ፣ ማለትም መሀል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያስቀረች ልጃገረድ፣ ገና አለማግባቷ ከፀጉሯ ይታወቅ ነበር፤ ተላጭቶ የሚታይ ራስ ሐዘን መግባቱን፣ የጦረኛ ሹሩባ ደግሞ ግዳይ መጣሉን ይመሰክር ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዱር ቤቴ ብለው በወጡት አርበኞች ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ጎፈሬ፣ የጣሊያኑ የጄኔራል ናሲ ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን እስከ ሰጠበት ድረስ የቆዩበትን ዘመን ለተመልካች ያሳያል። በእነዚህ ሁሉ ተመልካቹ የሚያነበው የፀጉሩን ውበት ብቻ አይደለም፤ ባለፀጉሩ ምን እንዳለፈበትና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ጭምር ያነባል።

ድሬድ ደግሞ ከሌላው አሠራር ሁሉ ይልቅ ለዚህ ንባብ የተጋለጠ ነው። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ቁንዳላ የ5 ዓመት ያህል ዕድገት ነው። ሹሩባ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ ጎፈሬም ይስተካከላል፤ ቁንዳላ ግን ከመቆረጥ በቀር ወደ ኋላ የሚመለስበት ቀላል መንገድ የለውም። በዚያ ላይ የማንኛውም ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ያረግፋል፤ የሚበጠረው ሰው ይህን በማበጠሪያው ይጥለዋል፣ በድሬድ ውስጥ ግን የረገፈው ከበቀለው ጋር ተጠምጥሞ ይቀራል። ስለዚህ ያልተነካ ቁንዳላ በውስጡ ባለቤቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያጣውን ፀጉር ሳይቀር ይዞ የሚዞር ነው፤ ጫፉ የመጀመሪያው ዓመት፣ ሥሩ ያለፈው ወር ነው።

ቅጥል የሚነካው ይህንኑ ነው። ባለሙያው በኪሮሽ መንጠቆ የተዘጋጀውን ፀጉር ከተፈጥሮው ጫፍ ጋር አጥልፎ ሲያያይዘው፣ የሚጨመረው ርዝመት ብቻ አይደለም፣ ያልተኖረ ዘመንም አብሮ ይጨመራል። ቀለም ግን በአብዛኛው ይህ ክስ አይደርስበትም፤ ቀይ የሆነ ቁንዳላ ቀለም እንደተቀባ ለማንም ግልጽ ነው፣ የርዝመቱን እውነትም አይለውጥም። እዚህ ላይ በሕዝቡ አነጋገር አንድ መዛነፍ ይታያል፤ ለዓይን ጎልቶ የሚታየው ቀለም ወቀሳውን ሁሉ ሲሸከም፣ የማይታየው ቅጥል በዝምታ ያልፋል። ክርክሩ ፍሬ እንዲኖረው ከተፈለገ ሁለቱ ሊነጣጠሉ ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በዚህ ጉዳይ አንድ ወጥ ተደርጎ መነገሩ ትክክል አይመስልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር እንደሆነበት ይነገራል፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ደግሞ ናዝራዊ፣ ማለትም በስእለት ራሱን ለእግዚአብሔር የለየ ሰው፣ ምላጭ በራሱ ላይ እንዳያሳርፍ ታዝዟል፤ የሶምሶን ሰባት ጉንጉንም ከዚያው ስእለት የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የሕጉ መጨረሻ ነው፤ የስእለቱ ወራት ሲፈጸም ናዝራዊው ፀጉሩን ተላጭቶ ከመሥዋዕቱ በታች ባለው እሳት ላይ እንዲጥለው ታዝዟል። ፀጉሩ የተወሰነ ጊዜ ምልክት ስለነበር፣ ጊዜው ሲያልቅ እሱም ከስእለቱ ጋር ያበቃል። እንዲህ ያለ ምልክት ሊገዛ ከቻለ ምን ይቀርለታል የሚለው ጥያቄ ለጎንደር ሰው የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም፤ በሐሰተኛ ባሕታውያን ላይ የሚሰማው ቅሬታ የቆየ ነው፣ ምእመኑም ያላየውን የበረሃ ዘመን የሚገምተው ከሚያየው ፀጉርና ከለበሱት ቆዳ ወይም ቢጫ ልብስ ነው።

የቅጥሉ ፀጉር ምንጭም ነገሩን ያከብደዋል። በደቡብ ሕንድ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን በስእለት ተላጭተው የሚሰጡት ፀጉር በጨረታ እየተሸጠ ወደ ዓለም የዊግና የቅጥል ገበያ ይገባል። በዓለም ገበያ የሚሸጥ ፀጉር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አንዲት እናት ስለ ልጇ ጤና የተሳለችው ፀጉር በሌላ አገር በማያውቃት ሰው ራስ ላይ የእሱ ዘመን ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ማሰብ፣ ስእለትን በሚያከብር ሕዝብ ዘንድ ቀላል ነገር ሊሆን አይገባውም።

ከምልክትነቱ ባሻገር በገላ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አለ፤ ይህ ከማንኛውም የባህል ክርክር በፊት መሰማት ነበረበት። ቅጥሉ በሚያድገው ፀጉር ሥር ላይ ያለማቋረጥ ክብደት ስለሚያሳርፍ፣ በተለይ በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ መሳቡ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ያ ቦታ ዳግም አያበቅልም። ማንጫ፣ ማለትም ቀለም ከመቀባት በፊት ተፈጥሯዊውን ጥቁረት የሚያስለቅቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ውሕድ፣ የፀጉሩን አካል ያሳሳል፤ በተበጠረ ፀጉር ላይ ይህ ጥቂት መሰባበር ሊሆን ይችላል፣ በድሬድ ላይ ግን የ5 ዓመት ቁንዳላ ከመሀሉ እንዲበጠስ ሊያደርግ ይችላል። በጥቁር ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ፓራፊኒሊንዳያሚን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ቆዳቸው የማይቀበለውን ሰዎች እስከ ፊትና ዓይን ድረስ ያሳብጣል። ቁንዳላው ኬሚካሉን እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በደንብ ለማጠብ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባት ጎንደር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ከፍታዋ 2,800 ሜትር በሚያልፍ በደባርቅ ብርድም እርጥብ ድሬድ ቶሎ አይደርቅም።

ጎንደር ስለ ፀጉር ያለውን ስሜት በግልጽ ያሳየው ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የተወሰደው ሁለት ዘለላ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ ተቀምጦ ቆየ፤ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በወቅቱ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር የነበሩት ሂሩት ካሣው ተረከቡት፣ በቋራ ሥላሴ ገዳም ካለው ዐፅማቸው ጋር እንዲያርፍ መታሰቡም ተነገረ። አንድ ሕዝብ ሁለት ዘለላ ፀጉር እንደ አካል ቆጥሮ ለማሳረፍ ከፈለገ፣ ፀጉር ጌጥ ብቻ ነው የሚለው አባባል ለዚህ ሕዝብ እንደማይበቃ ማየት አያዳግትም።

ይህ ማለት ቅጥል ያደረገ ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። በሕመም ወይም በወሊድ ምክንያት ፀጉሯ የሳሳባት ሴት፣ ለመድረክ የሚዘጋጅ ዘፋኝ፣ ለሠርጉ ሰሞን ማማር የሚፈልግ ወጣት፣ ዓመታት ጠብቄያለሁ የሚል ቃል ለማንም አልሰጡም፤ ያልሰጡትን ቃል አፈረሱ ተብለው ሊወቀሱ አይገባም። ወቀሳው የሚገባው ርዝመቱን እንደ ስእለት፣ እንደ ብሕትውና ወይም እንደ ትግል ዘመን ምስክር አድርጎ ለሚያቀርበው ነው። ለፀጉር ሠሪዎችም አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቅጥሉ ምን እንደሚመዝንና ከምን እንደተሠራ ይንገሩት፣ የግንባር ዳሩ የሳሳ ከሆነም ገንዘቡን ትተው ይመልሱት። ድሬዱን ቀጥሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ «የራስህ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁት እውነቱን ይመልስ።