ጉርሻ በእጅ ነው

ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በታላቁ አንዋር መስጊድ ሶላቱ ተጠናቆ ምእመናን ወደየጉዳያቸው በመበተን ላይ ነበሩ። ከመስጊዱ ተነስቶ ወደ ራጉኤል የሚያስኬደውን መንገድ መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ጆንያ የተሸከመው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ መኪና የሚጠብቀው ሁሉ እየተጋፋ ያልፍበታል። እኛም ከሁለት ተማሪዎቻችን ጋር ሆነን በአካባቢው ካሉት ሻይ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልንና ሻይና ሳምቡሳ አዘዝን። አስተናጋጁ ዕድሜው ከተማሪዎቻችን እምብዛም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ፊቱ ሳይጠቁር፣ እየተሯሯጠ የጠየቅነውን ሁሉ አቀረበልን።

ሒሳብ ከፍለን ስንነሣ ከመልሱ የተረፉትን ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ዘርገፍ አድርገን፣ ወጣቱን ቀና ብለን እንኳ ሳናይ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ ተከትሎን መጣ። ሳንቲሞቹን በመዳፉ ይዟል።

«ኡስታዝ፣ ረስተውት ነው» አለን።

«የለም፣ ላንተ ነው» አልነው።

ጥቂት ዝም አለና፣ «ለእኔ ከሆነማ በእጄ ይስጡኝ፣ ኡስታዝ። ሠርቼ ነው እንጂ አልለመንኩም» አለ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። ተማሪዎቻችን ግን መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። በዚያው ሳምንት ስለ መልካም አኽላቅ ያስተማርናቸው እኛው ነበርን! «አውፍ በለን» ብለን ጨመር አድርገን በእጁ ሰጠነው። እርሱም «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ውድ አንባብያን! ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ወጣት ንግግር ነው። ለአስተናጋጁ፣ ለተሸካሚው፣ ለጫማ ጠራጊው፣ ለመኪና ጠባቂው ከሒሳቡ በላይ ጣል የምናደርገው ገንዘብ ምንድን ነው? ምስጋና ነው? ምጽዋት ነው? ወይስ የደሞዝ ማሟያ? ዲናችንስ ስለዚህ ምን ያስተምረናል?

ቃሉ ራሱ ይናገራል

ወጣቶቻችን ዛሬ «ቲፕ» ቢሉትም በአማርኛችን ስሙ «ጉርሻ» ነው። ይህ ስም ከማዕድ የመጣ ነው። በሀገራችን ባህል ጉርሻ የሚሰጠው ለተከበረና ለተወደደ ሰው ነው። እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ወጡ ተመርጦ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ በእጅ ይሰጣል። ጉርሻ የሚወረውር ሰው አይተን እናውቃለንን? ጉርሻን መወርወር ነውር ከሆነ፣ በጉርሻ ስም የሚሰጠውን ገንዘብስ መወርወር ነውር አይሆንምን?

የሚደንቀው ነገር፣ ይኸው ቃል በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ውስጥም ይገኛል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ አገልጋይ ምግብ ባቀረበ ጊዜ ባለቤቱ አብሮት እንዲያስቀምጠው፣ ይህ ባይሆን እንኳ ከዚያው ምግብ አንድ ወይም ሁለት «ሉቅማ» እንዲሰጠው ታዟል። ሉቅማ ማለት ጉርሻ ማለት ነው። ምክንያቱም በሐዲሱ ተገልጿል፦ የእሳቱን ወላፈንና የማሰናዳቱን ድካም የተሸከመው እርሱ ነው።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ ጉርሻው የሚሰጠው ሰጪው ራሱ ከሚበላው ምግብ እንጂ ከተረፈው አይደለም። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ የተቀባዩ ድህነት ሳይሆን ድካሙ ነው። ሦስተኛ፣ ከጉርሻው በፊት አብሮ መቀመጥ፣ ማለትም ክብር ተጠቅሷል። እንግዲያው ጉርሻ ሰደቃ ከሚሰጥበት መንገድ በተለየ መንገድ የሚሰጥ የምስጋና ስጦታ ነው። ለነገሩ ሰደቃም ቢሆን በመመጻደቅና በማስከፋት ዋጋውን እንደሚያጣ ቁርኣን አስጠንቅቆናል (አል-በቀራህ 2፡264)።

ቢላል የጨመረው

በመልካም ምንዳ ከሒሳብ በላይ ጨምሮ መክፈል የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ከጉዞ ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመላቸውን ገዟቸው። መዲና በደረሱ ጊዜ ዋጋውን እንዲከፍልና እንዲጨምር የታዘዘው ማን ነበር? የሀበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ) ነበር! ቢላልም ከዋጋው በላይ አንድ ቂራጥ ጨመረ። ቂራጥ እጅግ ትንሽ ሚዛን ነው። ጃቢር ግን ያችን ጭማሪ ከከረጢታቸው ሳይለዩ እንደኖሩ ቡኻሪ ዘግበዋል። ለተቀባዩ ትልቅ የሆነው የጭማሪው ብዛት ሳይሆን ከማን እጅና እንዴት እንደተሰጠ መሆኑን ልብ እንበል።

እንዲሁም አቡ ጠይባ የተባለ ዋግምት አድራጊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባገመ ጊዜ ዋጋውን በምግብ ከሰጡት በኋላ በዚያ አላበቁም፤ በየጊዜው የሚያስከፍሉትን ጌቶቹን አነጋግረው ግብሩ እንዲቀልለት አድርገዋል። ይህ ለባለሙያው ከተከፈለው ሒሳብ አልፎ ስለ ኑሮው ማሰብ ነው።

ሐቅና ጉርሻ ይለያያሉ

በመርካቶ በየዕለቱ የምናየው አንድ ስህተት አለ። ሰው ተሸካሚ ይጠራና «እስከ ታክሲ» ብሎ ይስማማል። ኋላ ሐሳቡን ይቀይርና ጭነቱን አራተኛ ፎቅ ያስወጣዋል። ተሸካሚው «ጨምሩልኝ» ሲል፣ «ተስማምተን አልነበረም እንዴ? እንካ፣ ይህችን ጉርሻ ያዝ» ይለዋል። ወገኖቻችን! ይህ ጉርሻ አይደለም። ሥራው ሲጨምር የጨመረው ዋጋ የሠራተኛው ሐቅ ነው። ዑለማዎች የቅጥር ዋጋ አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ያስተማሩት እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ እንዳይነሣ ነው። ጉርሻ የሚባለው ሐቁ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ በኋላ በፈቃድ የሚጨመረው ብቻ ነው።

ከመስጊድ ደጃፍ ሰደቃ ዘርግተን ስናበቃ፣ መቶ እርምጃ ርቀን ጀርባው ከጎበጠ አባት ጋር በአሥር ብር የምንከራከር ስንቶቻችን ነን? የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል መታዘዙን፣ ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን ሰው አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚሟገተው በሐዲስ መምጣቱን እናውቃለን። ማወቃችን እጃችንን ካልፈታው ምን ይጠቅመናል?

ጉርሻ ደሞዝ አይደለም

ይህ ክፍል የሻይ ቤት፣ የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤት የሆኑ ወንድሞችንና እህቶችን ይመለከታል። «ጉርሻ ታገኛለህ» ብሎ ደሞዝ መቀነስ፣ ይባስ ብሎም ለሠራተኛው የተሰጠውን ጉርሻ መውሰድ አማናን ማጉደል ነው። ደንበኛው ገንዘቡን የሰጠው ለአስተናጋጁ እንጂ ለቤቱ አይደለምና። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ እንደማይቆጠር ይደነግጋል።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማየት አሜሪካን እንመልከት። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበሉ ሠራተኞች አሠሪው እንዲከፍል የሚያስገድደው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። የቀረው ከጉርሻ ይሟላል ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ የላቀ የሚያስከፍሉ ክፍለ ግዛቶች ቢኖሩም፣ በብዙ ስፍራ ጉርሻ የከለከለ ደንበኛ ደሞዝ እንደከለከለ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። በትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለአልጋ አንጣፊውና ለአስተናጋጁ የሚሆነውን በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሒሳብ ላይ በየቀኑ ይደምሩታል። በአንጻሩ በጃፓን ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ መልካም አገልግሎት የዋጋው አካል ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው የሀገሩን ልማድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በአንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ይመጣል። ይህንን ከ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር እንዳናምታታው። ታክሱ የመንግሥት ገቢ በመሆኑ «ከፍያለሁ» ብለን ከአስተናጋጁ ጋር ልናወራርደው አይገባም።

ጉርሻ ጉቦ የሚሆነው መቼ ነው?

«የሻይ» የምትባለው ቃል ሁለት ፊት አላት። ለአስተናጋጅ ስትሆን ምስጋና፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስትሆን ግን ጉቦ ልትሆን ትችላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ግማሹን የእናንተ፣ ግማሹን ደግሞ ለእርሱ የተበረከተ ስጦታ አድርጎ ለየ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በሚንበር ላይ ቆመው፣ በእናት በአባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበረ ጠየቁ። ሚዛኑ ይኸው ነው። ሰውየው በዚያ ወንበር ላይ ባይቀመጥ ኖሮ እሰጠው ነበርን?

ሌላም ረቂቅ በር አለ። ለሥጋ ቤቱ ሠራተኛ አስቀድሞ ብር አስጨብጦ «ሚዛኑን ጠበቅ አድርግልኝ» ማለት የባለቤቱን ንብረት በጉርሻ መግዛት ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ያጠፋሉ። መልካም ጉርሻ የማንንም ሐቅ አይነካም።

በስልክ ሲከፈል

በሌላ ቀን ከዚያ ወጣት ጋር ቁጭ ብለን አወጋን። የወር ደሞዙ ከቤት ኪራዩ እምብዛም እንደማያልፍ፣ ሀገር ቤት ላለችው እናቱ የሚልካት ገንዘብ ከዕለት ጉርሻው የሚያጠራቅማት መሆኗን ነገረን። «አሁን ግን ሰው ሁሉ በስልክ ይከፍላል፤ መልስ የሚባል ነገር የለም» አለን ፈገግ ብሎ። እውነቱን ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ሳይተርፍ በስልክ ይከፈላል። ጉርሻችን ከመልስ ትርፍ የሚገኝ ብቻ ከነበረ፣ መልሱ ሲቀር እርሱም ቀረ ማለት ነው። ያኔ ስንሰጥ የነበረው ከልብ ነበር ወይስ ኪሳችን እንዳይከብድ? ከልብ ከነበረ፣ ለዚሁ የሚሆን ዝርዝር ብር ይዞ መውጣት ወይም ወደ ሠራተኛው ስልክ መላክ ምን ይከብዳል?

በየቤታችን እንለማመደው

1. አስተናጋጅን በጭብጨባ ወይም በፉጨት አንጥራ። «ወንድሜ»፣ «እህቴ» እንበል። የተሸከመልንን ሰው «አንተ ኩሊ» ማለት ከወፍራም ጉርሻ የሚበልጥ ስድብ ነው።

2. ሐቁን አስቀድመን እንክፈል፤ ጉርሻው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

3. በእጅ፣ ዓይን እያየን፣ «ጀዛከላህ» ወይም «እግዜር ይስጥልኝ» እያልን እንስጥ። የራጉኤል ሠራተኛ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፤ ላቡ ግን አንድ ነው።

4. በሰው ፊት አናጋንን። ሪያእ የበጎ ሥራ ጠላት ነውና።

5. የሚሰጥ ገንዘብ የሌለው ሰው አይጨነቅ። መልካም ቃልና ዱዓእ አለው። ውለታን በገንዘብ መመለስ ያልቻለ ሰው በዱዓእ እንዲመልስ በሐዲስ ተመክሯል።

6. አልፎ አልፎ ልጆቻችን እንዲሰጡ እናድርግ። እጃቸው ከእኛ እጅ ይማራልና።

ለሠራተኛ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። መልስን «ዝርዝር የለም» ብሎ ማስቀረት ጉርሻ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ የሰው ገንዘብ ነው። ጉርሻ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ደንበኛ በፊት ገጽታ መለየትም አይገባም። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ደንበኛው ሰበብ ብቻ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጁሙዓ ቀን ከእነዚያው ሁለት ተማሪዎች ጋር ወደዚያው ሻይ ቤት ገባን። ስንወጣ ታናሹ ተማሪ ከኪሱ የታጠፈች አሥር ብር አወጣ። የምሳ ብሩ እንደነበረች እናውቃለን። ወደ ወጣቱ ሄዶ በቀኝ እጁ ሰጠው፤ ወጣቱም በሁለት እጁ ተቀበለው። አንዳቸውም ብዙ አልተናገሩም። እኛም ለሳምንቱ ያዘጋጀነውን የአኽላቅ ትምህርት ያ ልጅ እንዳስተማረልን ተሰማን።

አላህ (ሱ.ወ) የሠራተኛን ሐቅ የምናከብር፣ ስንሰጥ የማናስከፋ፣ ስንቀበልም የማንዋረድ ያድርገን። አሚን!