ከጉቶ የሚነሣው ባህር ዛፍ

በአዲስ አበባ፣ በሀና ማርያም በኩል ሲያልፉ ጅምር ሕንፃዎቹን የከበበውን አጣና ልብ ይበሉ። ሠራተኛው የሚረግጠው መወጣጫ፣ ሶሌታውን የሚሸከመው ድጋፍ፣ ባህር ዛፍ ነው። ከዚህ እንጨት ብዙው ከዘር የበቀለ ሳይሆን ቀድሞ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ያቆጠቆጠ ነው።

ምስጢሩ ያለው ከጉቶው ግርጌ ነው። ግንድና ሥር በሚገናኙበት ላይ ጠንካራ የእንጨት እብጠት አለ። ችግኙ ገና ለጋ ሳለ ከመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ጉያ ይጀምርና ቀስ በቀስ ግርጌውን ይከባል። በሽታ አይደለም። ውስጡ የተኙ እንቡጦችና የተጠራቀመ ምግብ አሉበት፤ ግንዱ ሲወድቅ እንቡጦቹ ይነቃሉ። ከ700 ከሚበልጡት የባህር ዛፍ ዝርያዎች አብዛኞቹ ይህ እብጠት አላቸው፤ የእኛም ነጭ ባህር ዛፍ እንዲሁ። በትውልድ አገራቸው በአውስትራሊያ ሰደድ እሳት ግንዱን ቢበላውም ዛፉ እንደገና የሚነሣው በዚሁ ነው። እዚህ የእሳቱን ቦታ መጥረቢያ ወሰደው።

አዲስ አበባም ለዚህ ጉቶ ባለዕዳ ናት። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመንጥሮ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባህር ዛፍ ግን በፍጥነት አደገ፤ ሲቆረጥም መልሶ በቀለ። ከተማዋ ሳትነቀል ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባህር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ አጠገቡ ሰብል አያስበቅልም የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። ማሳውን ወደ እህል መመለስ የፈለገ ገበሬም የሚታገለው ከዚሁ እብጠት ጋር ነው፤ ካልቆፈረ አይገላገለውም።

አጣና ለመሸጥ የተከለ ግን ለጉቶው ይጠንቀቅለት። በመጥረቢያ ከመፈልፈል በመጋዝ፣ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ከፍ ሳያደርግ፣ ዝናብ እንዳይቋጥርበት ትንሽ አዘንብሎ ይቁረጥ፤ ልጡንም አይላጥ። ካቆጠቆጡት ውስጥ ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትቶ ሌላውን ያሳሳ። ሥሩ አስቀድሞ የተዘረጋ በመሆኑ የመጀመሪያው ቁጥቋጦ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ለአጣና ይደርሳል።