«ጀብዱ»፥ «ውጥን»ና «ዘመቻ»፦ የታተሙ የሚና ጨዋታ ጽሑፎች ስያሜና አመራረጥ

የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲገባ የሚጠበቅብን ስም ማውጣት ብቻ አይደለም። ስሙ ነገሩን እንዴት እንደምንመለከተውና እንዴት እንደምንገለገልበት ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ ይህን የምናሳየው ከአንድ የመዝናኛ ዘርፍ በተወሰዱ ቃላት ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚባለው፥ እኛ «የሚና ጨዋታ» የምንለው ነው። በተለይም ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ምትሐታዊ ጨዋታ የጀመሩ ሰዎች ታትመው ከሚሸጡት ጽሑፎች የሚስማማቸውን እንዴት እንደሚመርጡ እናብራራለን። የምርጫው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከስሙ መደናገር ነው ብለን እናምናለን። ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የጨዋታው ባሕርይ

የሚና ጨዋታ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች በቃል የሚያካሂዱት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዓለሙን ይገልጻል፤ የጠላቶችንና የመንገደኞችን ሚና ይይዛል፤ በደንቡም ይዳኛል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው «ምን ታደርጋላችሁ?» ሲባሉ ውሳኔአቸውን ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ የሚባለው ባለ ቍጥር ጠጠር ይጣላል። በእኛም አገር በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው የተሰወረውን ፍች ይይዛል፤ መላሹ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይገምታል፤ ሲያቅተውም አገር ይሰጣል። ልዩነቱ እንቆቅልሽ አስቀድሞ የተወሰነ ፍች ያለው ሲሆን፥ የሚና ጨዋታ ግን የተወሰነ ፍጻሜ የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለምንናገረው ሁሉ መሠረት ነው።

ጨዋታው በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ደራሲነት፥ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም በአሜሪካ ታተመ። የበቀለው ከጦርነት ጨዋታ ነው፤ ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ያሳተመው «ቼይንሜይል» በትንንሽ ምስለ ወታደሮች ለሚካሄድ ውጊያ የተዘጋጀ ደንብ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዎች የየራሳቸውን ዋሻና ከተማ ራሳቸው ይነድፉ ነበር። በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ «የእንቍራሪት ቤተ መቅደስ» የተሰኘ የተዘጋጀ ጽሑፍ ወጣ። በ1978 ደግሞ ቲ.ኤስ.አር. የተባለው አሳታሚ ስለ ግዙፋን የሚናገሩ ሦስት ጽሑፎችን ለየብቻ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ስለ በዛ መምረጥ ራሱን የቻለ ችሎታ ሆነ።

፪. የስያሜው ችግር

እንግሊዝኛው ለታተመው ጽሑፍም ሆነ በገበታው ዙሪያ ለሚፈጸመው ድርጊት «አድቬንቸር» በሚል አንድ ቃል ይጠቀማል። ይህን በቀጥታ «ጀብዱ» ብለን ብንተረጕመው ችግሩን እናብሰዋለን። በአማርኛ ጀብዱ ማለት ተፈጽሞ የሚወራ የጀግና ሥራ ነውና፤ «ጀብዱ ሠራ» ይባላል እንጂ «ጀብዱ ገዛ» አይባልም። የታተመው ጽሑፍ የያዘው ግን ገና ያልተፈጸመ ነገር ነው፦ የቦታ ካርታ፥ የነዋሪዎች ማንነትና ፍላጎት፥ የተሸሸገ ሀብት፥ የሚያሰጋ አደጋ፥ የአንድ ጉዳይም መነሻ። ፍጻሜው በተጫዋቾቹ እጅ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ «የጀብዱ ውጥን»፥ በአጭሩም «ውጥን» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ወጠነ ማለት ጀመረ፥ ዐቀደ ማለት ሲሆን፥ ውጥን የተጀመረና ያላለቀ ነገር ነው። ሕዝቡም ሌላው የጀመረውን የሚፈጽመውን ሰው «ውጥን ጨራሽ» ይለዋል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ውጥን ጨራሾች ናቸው። ጀብዱ የሚለው ቃል ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለሚወራው ታሪክ ይቆይ።

ለየብቻ የሚሸጡትን ቀጫጭን ጽሑፎች አሳታሚው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ሞጁል» ይላቸው ነበር። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ለመማሪያ ጥራዝ የተለመደ ስለሆነ «ነጠላ ውጥን» ማለት ይሻላል።

«ካምፔይን» የተወረሰው ከጦርነት ጨዋታው ሲሆን፥ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ይዘው ለወራት ወይም ለዓመታት የሚቀጥሉትን ጨዋታ ያመለክታል። ለዚህ «ዘመቻ» ተስማሚ ነው። ቃሉ ጦርነትን ብቻ ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፥ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄዱ ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ብዙዎች በአንድነት ተነሥተው የሚፈጽሙትን ረጅም ሥራ ማመልከቱ ጸንቷል። እንዲህ ያለውን ረጅም ጨዋታ በሙሉ በአንድ ጥራዝ የያዘውን መጽሐፍ «የዘመቻ ውጥን» እንለዋለን።

ጨዋታውን የሚመራው ሰው በ1974ቱ ደንብ ዳኛ ይባል ነበር። ዳኛ ብንለው የሥራውን ከፊል ብቻ እንገልጻለን። አማርኛ ከ«ተጫዋች» ጐን «አጫዋች» የሚል የአድራጊነት ስም ስላለው ሌላ መፈለግ አላስፈለገንም። ቃሉ ሰውን የሚያዝናና ለሚለውም ማገልገሉ ጕዳት የለውም።

፫. አመራረጥ

ነገሩ ውጥን መሆኑ ከታወቀ፥ ምርጫው የሚጀምረው «ታሪኩ ያምራል ወይ?» ከማለት ሳይሆን «ምን ተጀምሮልናል? ምንስ ተትቶልናል?» ከማለት ነው።

ሀ/ ለአጫዋቹ የተተወው ሥራ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በማይክ ካር የተዘጋጀው «ያልታወቀውን ፍለጋ» የክፍሎቹን ካርታና መልክ ሰጥቶ፥ የትኛው አውሬና የትኛው ሀብት በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ አጫዋቹ ከዝርዝር እየመረጠ እንዲሞላ ያዝዛል። የጋይጋክስ «የድንበሩ ምሽግ» ደግሞ የምሽጉን ሰዎች በሹመታቸውና በሥራቸው እንጂ በስማቸው አይጠራም፤ አንዱንም ዋሻ አጫዋቹ ራሱ እንዲነድፈው ባዶውን ይተዋል። መፍጠር ለሚወድና ጊዜ ላለው ሰው ይህ ሀብት ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ማታውኑ ለሚያጫውት ግን ሸክም ነው።

ለ/ ለተጫዋቾቹ የተተወው መንገድ። በ1984 የጀመሩት የ«ድራገንላንስ» ውጥኖች ከልብ ወለድ መጻሕፍት ጋር ተያይዘው የወጡ ናቸው። ጀግኖቹ አስቀድመው ተዘጋጅተዋል፤ ታሪኩ የሚፈልገው ሰው ሲሞት አሟሟቱ እንዲድበሰበስና በኋላ እንዲመለስ አጫዋቹ ይመከራል። ትልቅ ታሪክ ውስጥ ለመኖር የሚሹ ይደሰቱበታል፤ የራሳቸውን ገጸ ባሕርይና ዓላማ ይዘው ለመጡ ግን ጠባብ ነው። በ1983 ትሬሲና ሎራ ሂክማን ያወጡት «ሬቨንሎፍት» መካከለኛውን መንገድ ይዟል፦ ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች የት እንደሚገኙና ደም መጣጩ ጌታ ምን እንደሚሻ በሚሳብ ካርታ ስለሚወሰን ያው ውጥን በየገበታው ይለያያል። የመጀመሪያውን ዓይነት «ባለ አንድ መንገድ»፥ ሌላውን «ባለ ብዙ መንገድ» እንላለን።

ሐ/ ደረጃ። ገጸ ባሕርያቱ ልምድ ሲያካብቱ በደረጃ ከፍ ይላሉ፤ ሽፋኑም ውጥኑ ለየትኛው ደረጃ እንደሚስማማ ይገልጻል። በ2014 ለጀማሪዎች የወጣው «የፋንዴልቨር የጠፋ ማዕድን» ከ1 እስከ 5፥ «ሬቨንሎፍት»ን አስፍቶ በ2016 የወጣው የዘመቻ ውጥን «የስትራድ እርግማን» ከ1 እስከ 10 ያደርሳል። ሆኖም ቍጥሩ ሁሉን አይናገርም። በ1978 የታተመው «የአሰቃቂዎች መቃብር» በ1975 ኦሪጅንስ በተባለው የጨዋታ ጉባኤ ላይ ለውድድር ያገለገለ ነው፤ ውጊያው ጥቂት፥ ወጥመዱ ብዙ ነው። ለአንድ ጊዜ ውድድር የተዘጋጀ ገጸ ባሕርይ ቢሞት የሚጐዳ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደጉት ገጸ ባሕርይ በአንድ የተሳሳተ በር ቢጠፋ ግን ከእርሱ ጋር ዘመቻው፥ አንዳንዴም ማኅበሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ውጥኑ ለምን አገልግሎት እንደ ተሠራ መጠየቅ ያሻል።

መ/ ከዘመቻው ጋር መስማማት። ነጠላ ውጥን በተጀመረ ዘመቻ ውስጥ ሲገባ የሰዎችና የቦታዎች ስም መለወጡ አይቀርም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ስሞቹን ሁሉ አንሥቶ የእኛዎቹ ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱበት በቂ ምክንያት መቅረቱን ማየት ነው። ምክንያት ከሌለ ካርታው የቱን ያህል ቢያምር ይለፍ።

ሠ/ የተጫዋቾቹ ፈቃድ። አስፈሪውን፥ ፖለቲካውን ወይም ውጊያውን ማን እንደሚወድና ማን እንደሚሸሽ፥ ምሥጢሩን ሳይገልጹ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ውጥኑን ቀድሞ ያነበበ ተጫዋች መኖር አለመኖሩም መጠየቅ አለበት፤ ፍቹን ለሚያውቅ ሰው እንቆቅልሽ አይጠየቅምና።

፬. የቀረቡ ስያሜዎች

የሚና ጨዋታ፦ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው በቃልና በዕጣ የሚያካሂዱት ጨዋታ።
አጫዋች፦ ዓለሙን የሚገልጽና የሚዳኝ ሰው።
ውጥን፦ ለመጫወት የተሰናዳ፥ ፍጻሜው ያልተወሰነ ጽሑፍ።
ነጠላ ውጥን፦ ለብቻው የሚቆም አጭር ውጥን።
ዘመቻ፦ በአንድ ወገን ገጸ ባሕርያት ተያይዞ የሚቀጥል ረጅም ጨዋታ።
የዘመቻ ውጥን፦ ለሙሉ ዘመቻ የሚበቃ ጥራዝ።
ጀብዱ፦ ተጫውተው ሲጨርሱ የሚወራው።

አንባብያን ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ ካላቸው እንቀበላለን። በጽሑፉና በድርጊቱ መካከል ያደረግነው ልዩነት ግን በሚመረጠው ስያሜ ሁሉ እንዲጠበቅ አደራ እንላለን። ሰው ጀብዱ የገዛ ሲመስለው መጽሐፉን ያነብባል፤ ውጥን መግዛቱን ሲያውቅ ግን ጨራሾቹ እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ ያስባል።