«ሁሉም አልተቀበሉም» ሲባል ስንቱ ነው?

ከደብረ ታቦር ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የሕግ ሰው መሆኔን ሲሰሙ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሽማግሌዎች ቃለ ጉባዔ ነው። «ሁሉም ወራሾች የቤቱን ሽያጭ ገንዘብ አልተቀበሉም» ይላል።

«ልጄ፣ አንዳችንም ሳንቲም አልደረሰን። ገንዘቡን የያዘው ወንድማችን ግን ይህንኑ ወረቀት ይዞ ‹የቀረው የታናሻችን ድርሻ ብቻ ነው› ይላል» አሉኝ።

የሚያሳዝነው፣ ወረቀቱ ለሁለቱም ይመሰክራል። አሉታው ግሱን ብቻ ከያዘ የተቀበለ የለም ማለት ነው፤ «ሁሉም» የሚለውን ከያዘ ደግሞ ገሚሱ ተቀብሏል፣ ገሚሱ ቀርቷል። ሲነገር ድምፅ ይለየዋል፤ ወረቀት ግን ድምፅ የለውም።

ለመሆኑ «ማንም» የሚለው ቃላችን በራሱ አሉታ ነው? አይደለም። «ማን» ላይ «ም» ተጨምሮበት ነው። «ይህን ማንም ያውቃል» ስንል ሰው ሁሉ ያውቃል ማለታችን ነው፤ «ማንም አያውቅም» ስንል አንድም የሚያውቅ የለም። ፍርዱ ያለው ግሱ ላይ ነው። (መቼም «መቼም» ራሱ ጠባዩ እንዲሁ ነው።) ስፔኖች «ማንም አልመጣም» ለማለት «ኖ ቪኖ ናዲዬ» ይላሉ፤ እንደኛው ግሱም አሉታ ይይዛል። «ናዲዬ» ከፊት ከመጣ ግን «ኖ»ን ይጥሏታል። እኛ ቃሉን የትም ብናስቀምጠው የግሱን አሉታ አንጥልም። የፈረንሳዮቹ «ፐርሶን» ደግሞ «ሰው»ም «ማንም»ም ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ የተረቀቀው በፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፣ በፈረንሳይኛ ነበርና ተርጓሚዎቹ ስንት ጊዜ ብዕራቸውን እንዳቆሙ መገመት አያቅትም።

ዛሬ ወደ ሌላ ቋንቋ መሸሽም ብዙ አያዋጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለራሱ የአማርኛ ቅጂ ነው። እንግዲህ አማርኛችንን ማጥራት አለብን። ማንም ካልወሰደ «ከወራሾቹ አንዳቸውም አልተቀበሉም» ይባል። ከፊሎቹ ወስደው ከሆነ «ሁሉም»ን ትቶ የተቀበለውንም ያልተቀበለውንም በስም፣ ከነብሩ መጠን መጻፍ ነው። ውል ጸሐፊዎቻችን «ሁሉም»ን ከአሉታ ግስ ጋር የሚያጋቡት ሙሉ ቃል ስለሚመስላቸው ይመስለኛል።

ለአዛውንቱም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ከሽማግሌዎቹ ስንቱ በሕይወት እንዳሉም ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱ አሉ» አሉኝ፣ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ። «ታጥቤ ስመለስ እሄድባቸዋለሁ።»