ዊንዶውስ ሲታደስ የሚቋረጠው ኢንተርኔት፤ ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ አነስተኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሮቹን በሙሉ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 አሻገረ እንበል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው የደንበኛውን ዲክላራሲዮን ሞልቶ ሊልክ ሲል የኢንተርኔት መስመሩ ይቋረጣል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ የተሞላው ቅጽ ግን ጠፍቷል። እንደገና ይሞላል፤ እንደገና ይቋረጣል። በዚህ መሐል የደንበኛው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል።

በእንዲህ ያለው ጊዜ የተለመዱ ሦስት እርምጃዎች አሉ። አንደኛው «ቴሌ አቋረጠብን» ብሎ መደወልና መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ባለሙያ ጠርቶ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማስደረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «አርጅቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ነው። ሦስቱም ገንዘብና ጊዜ ይበላሉ፤ ብዙ ጊዜም ችግሩን ሳይነኩት ያልፋሉ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መቆራረጡ የጀመረው ዊንዶውሱ በተለወጠ ማግሥት ከሆነ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከዚያው ከለውጡ ነው።

ጉዳዩ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ላወጣው ዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የጥበቃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በዊንዶውስ 10 መቆየት የሚፈልግ ድርጅት የጥበቃ ማስተካከያ እንዲደርሰው ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር እንዲከፍል፣ ክፍያውም በየዓመቱ በእጥፍ እያደገ ለሦስት ዓመት ብቻ እንዲቀጥል ኩባንያው አስታውቋል። ዶላር ለመክፈል ለማይመቸው ነጋዴ የቀረው መንገድ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ነው። ለዚህም ነው ከቆዩ ኮምፒዩተሮች ላይ አዲስ ዊንዶውስ የሚጫነው።

አዲሱ ዊንዶውስ ምን ይነካል?

በኮምፒዩተሩ ውስጥ የኢንተርኔቱን ገመድ የሚቀበል የኔትወርክ ካርድ አለ። ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ይቆጠራል። ዊንዶውስ በአዲስ ሲተካ አስተርጓሚውም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። የካርዱ ፋብሪካ ያዘጋጀው ድራይቨር ተነሥቶ ማይክሮሶፍት በጥቅሉ ያዘጋጀው ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ ባለሙያው ከዓመታት በፊት በእጁ ያስተካከለው ፍጥነት፣ የኃይል ቁጠባና የአይፒ አድራሻ ወደ መነሻው የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10 በወጣበት ዓመት፣ አሮጌ የቪፒኤን ፕሮግራም ሳይነሣ አዲሱ ዊንዶውስ የተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች በገመድም ሆነ በዋይፋይ ኢንተርኔት ማግኘት እንዳልቻሉ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ መፍትሔ አውጥቷል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ደግሞ ዊንዶውስ 10 ያላቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች የአይፒ አድራሻ መቀበል ተስኗቸው ከኢንተርኔት ውጭ ሆኑ። በብሪታንያ ያሉ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የዊንዶውስ መሆኑን ለደንበኞቻቸው እስከ ማስታወቅ ደረሱ። ማስተካከያው በዚያው ወር ወጣ፤ ነገር ግን ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተር ማስተካከያውን ከየት ያምጣ? የማይክሮሶፍት ምክር አጭር ነበር፦ ኮምፒዩተሩን «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» አድርጉት።

በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል «ሻት ዳውን» ሲባል የውስጡን ሁኔታ በከፊል አስቀምጦ ይተኛል፤ በማግሥቱም ከነበሽታው ይነሣል። «ሪስታርት» ሲባል ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ «አጥፍቼ አበራሁት» ያለ ሁሉ በእርግጥ አጥፍቶታል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ነፃ መድኃኒት ይኸው ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ሪስታርት ካልፈታው ምንም ነገር ከመነካካት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ የተቋረጠው የዚህ ኮምፒዩተር ብቻ ነው ወይስ የሁሉም? በዚያው ደቂቃ በሌላው ጠረጴዛ ያለው ኮምፒዩተር የሚሠራ ከሆነ ቴሌም ሞደሙም ነፃ ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቋረጡ ግን ጉዳዩ የሞደሙ፣ የስዊቹ ወይም የመስመሩ ነው። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ስዊቹ ጠፍቶ የሚነሣ ከሆነም ዊንዶውስን መውቀስ አይገባም፤ ስዊቹንና ሞደሙን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ይበቃል።

ሁለተኛ፦ መስመሩ ሲቋረጥ ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ይጠፋሉ ወይስ እንደበሩ ይቆያሉ? የሚጠፉ ከሆነ ኮምፒዩተሩና ስዊቹ ጭራሽ አይተያዩም፤ ጥፋቱ ከገመዱ፣ ከካርዱ ወይም ከድራይቨሩ ነው። መብራቱ እየበራ ኢንተርኔት ከሌለ ጥፋቱ በአድራሻ ወይም በፕሮግራም በኩል ነው።

ሦስተኛ፦ ኮምፒዩተሩ ምን አድራሻ ይዟል? በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲኤምዲ» ብሎ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ነው። የሚወጣው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ በማጣቱ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር ኢንተርኔት አይገኝም። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ግን በአብዛኛው አድራሻው ደርሶታል ማለት ነው።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ሥራው ካልሄደ በዚያው መስኮት «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ መጥራት ነው። ራውተሩ መልሶ ሁለተኛው ዝም ካለ ችግሩ ከቢሮው በር ውጭ ሊሆን ስለሚችል አሁን ለቴሌ መደወል ተገቢ ነው። ሁለቱም እየመለሱ ድረ ገጽ ብቻ አልከፈት ካለ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የዲኤንኤስ አድራሻ ተበላሽቷል።

መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ

በርካታ ጊዜ ሊያጋጥም የሚችለው ጥፋት የኃይል ቁጠባ ነው። ዊንዶውስ ካርዱ ሥራ የፈታ ሲመስለው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያጠፋዋል፤ ካርዱ ግን ሲጠራ ቶሎ ላይነሣ ይችላል። ምልክቱ ኮምፒዩተሩ ሳይነካ ጥቂት ቆይቶ መቋረጡ፣ በተለይም ከምሳ መልስ ኢንተርኔት ጠፍቶ መገኘቱ ነው። መፍትሔው «ዲቫይስ ማናጀር» ከተባለው ቦታ ገብቶ፣ የኔትወርክ ካርዱን ስም ከፍቶ፣ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ክፍል ኮምፒዩተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ነው።

ካርዱ ራሱም የቁጠባ ዘዴ አለው። «ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት» የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ሲሆን፣ መልእክት በማይተላለፍበት ጊዜ መስመሩን ያስተኛዋል። ከሁሉም ስዊች ጋር ግን አይስማማም። ኢንቴል የሠራው አይ226 ቪ የተባለው ካርድ ያለምክንያት ይቋረጣል የሚል ስሞታ በዝቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ቁጠባ የሚያጠፋ ድራይቨር ወጥቷል። በዚያው በዲቫይስ ማናጀር «አድቫንስድ» በሚለው ክፍል ቁጠባውን በእጅ ማጥፋት ይቻላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። «ገመዱማ ትናንት ሲሠራ ነበር» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ሆኖም በገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተጠምጥመው ይገኛሉ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር ሁለቱ ጥንድ ይበቃሉ፤ ለ1000 ሜጋቢት ግን አራቱም መሥራት አለባቸው። ካርዱ ቀድሞ በ100 ላይ ተወስኖ የነበረ እንደሆነና አዲሱ ዊንዶውስ ያንን ሽሮ ወደ 1000 ከወሰደው፣ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ አንድ የተበጠሰ ሽቦ ወይም በደንብ ያልተጨመቀ የገመድ ጫፍ ያን ዕለት ይጋለጣል። ስለዚህ ገመዱ የተበላሸው ያን ዕለት ባይሆንም የታወቀው ያን ዕለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ ገመዱን ነቅሎ መሞከር ነው። ይህ ካልተቻለ በ«አድቫንስድ» ክፍል «ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ» የሚለውን ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ አድርጎ አንድ ቀን ማየት ነው። መቆራረጡ ከቆመ ገመዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ግን ለፈተና እንጂ ለዘለቄታው አይደለም፤ በአንድ ወገን ብቻ ፍጥነትን መወሰን ከስዊቹ ጋር አለመግባባት ፈጥሮ መስመሩን ሊያዘገይ ይችላል። ገመዱ ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛው ድራይቨሩ ነው። በዲቫይስ ማናጀር «ድራይቨር» በሚለው ክፍል «ሮል ባክ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ካልሆነ ከኮምፒዩተሩ ወይም ከካርዱ ፋብሪካ ድረ ገጽ ትክክለኛውን አውርዶ መጫን ነው። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ከጠፋ በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

መብራቱ እየበራ ከሆነ

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቁት አሮጌ አንቲ ቫይረስና ቪፒኤን ናቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች በካርዱና በዊንዶውስ መካከል እንደ ኬላ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ይፈትሻሉ። ለቀድሞው ዊንዶውስ የተሠራ ኬላ ከአዲሱ ጋር ላይግባባ ይችላል። ለጊዜው ማጥፋት አይበቃም፤ ጨርሶ አንሥቶ፣ ሪስታርት አድርጎ፣ ለውጥ ካለ አዲሱን እትም መጫን ነው።

በእጅ የተሰጠ አድራሻ የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አድራሻው እንዳልተለወጠ፣ ሁለት ኮምፒዩተሮችም አንድ ቁጥር እንዳልያዙ ይመልከቱ። ሁለት ሰዎች በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲጠቀሙ ደብዳቤ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ እነዚህም ተራ በተራ እየተቋረጡ ይውላሉ። የመጨረሻው እርምጃ «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ሥር ይገኛል። ካርዶቹን አውጥቶ እንደገና ይጭናል፤ በእጅ የተሞላውንም ሁሉ ይሰርዛል። ስለዚህ አድራሻውን በወረቀት ሳይመዘግቡ መጫን አያስፈልግም።

ዐሥሩ ቀን

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ አንድ መውጫ ይቀራል። አዲሱ ዊንዶውስ በቀድሞው ላይ የተጫነ ከሆነ፣ ከተጫነበት ጊዜ አንሥቶ በዐሥር ቀን ውስጥ «ሪከቨሪ» ከሚለው ቦታ «ጎ ባክ» ብሎ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ዐሥሩ ቀን ካለፈ ዊንዶውስ የቀድሞውን ፋይል ያጠፋዋል፤ መመለሻውም ይዘጋል። ከመመለስ በፊት ሰነዶችን መገልበጥ ይገባል፤ ከለውጡ በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችም ይጠፋሉ። «ዛሬ ነገ ይስተካከላል» እያለ ሁለት ሳምንት የታገሠ ባለንብረት ይህን ዕድል ሳያውቅ ያሳልፈዋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍልና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የገባ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን መለኪያ በዘዴ አልፎ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ማስተካከያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። ለአሮጌው ካርድ ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀ ድራይቨር ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። በዚያን ጊዜ ርካሹ መፍትሔ ሙሉ ኮምፒዩተር መለወጥ ሳይሆን በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ መግዛት ነው።

ገና ያላሻገሩ መሥሪያ ቤቶች ከወዲሁ አራት ነገር ቢያደርጉ ይበጃቸዋል። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር በፍላሽ መያዝ፣ አድራሻዎቹን መመዝገብ፣ አሮጌ ቪፒኤንና አንቲ ቫይረስ ቀድሞ ማንሣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉንም ኮምፒዩተር በአንድ ቅዳሜ አለማሻገር። አንዱ ተሻግሮ አንድ ሳምንት ያለችግር ከሠራ ሌሎቹ ይከተላሉ። አንዱ ከታመመም ቢያንስ የሌሎቹ ሥራ አይቆምም፤ ዲክላራሲዮኑም በጊዜው ይላካል።