በብርሃን የሚነቃ የካንሰር መድኃኒት በሕዋስ ውስጥ የት ያርፋል?

ለካንሰር ሕክምና ከሚውሉ መድኃኒቶች መካከል ብርሃን እስኪያርፍባቸው ድረስ ሕዋስን የማይገድሉ አሉ። ከእነዚህ ቀደምት የሆነው ፎቶፍሪን እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ፣ በ1995 ደግሞ በአሜሪካ ተፈቅዷል። መድኃኒቱ በደም ሥር ከተሰጠ ከ40 እስከ 50 ሰዓታት በኋላ፣ የሞገድ ርዝመቱ 630 ናኖሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን በዕጢው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። መድኃኒቱ ከብርሃኑ ያገኘውን ጉልበት በአቅራቢያው ላለው ኦክስጅን ሲያስተላልፍ ሲንግሌት ኦክስጅን የተባለ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ንጥረ ነገር ይፈጠራል።

የዚህ ንጥረ ነገር ዕድሜ ግን እጅግ አጭር ነው። ከመጥፋቱ በፊት የሚጓዘው ርቀት የአንድ ማይክሮሜትር ክፍልፋይ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ሕዋሳት ስፋት ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳቱ በዋነኛነት የሚደርሰው መድኃኒቱ በተጣበቀበት ሥፍራ ላይ ነው። ሁለት መድኃኒቶች በእኩል መጠን ወደ ሕዋስ ቢገቡም ውጤታቸው ሊለያይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቹ በቅባት ውስጥ የሚሟሙ በመሆናቸው በሕዋስ ውስጥ ባሉ ስስ ሽፋኖች ላይ ይጣበቃሉ። ያረፉት በሚቶኮንድሪያ ላይ ከሆነ፣ ሽፋኑ ሲጎዳ ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን ያመልጥና ካስፔዝ የተባሉትን ኤንዛይሞች ያስነሣል፤ ሕዋሱም ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ራሱ በብርሃን አይነቃም፤ ሕዋሱ ሄምን በሚሠራበት መንገድ ፕሮቶፖርፊሪን 9 ወደተባለው ንቁ ቅመም ይለውጠዋል፤ የዚህም የመጨረሻ ደረጃ የሚፈጸመው በሚቶኮንድሪያው ውስጥ ነው። ዕጢው የራሱን መርዝ ያዘጋጃል ማለት ይቻላል።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደው ታላፖርፊን ግን በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ በአብዛኛው በላይሶሶም ውስጥ ይከማቻል። ላይሶሶሙ ሲቀደድ የሚፈስሱት አፍራሽ ኤንዛይሞች ቢድ የተባለውን ፕሮቲን ቆርጠው ሚቶኮንድሪያውን በተዘዋዋሪ ያጠቁታል። በውጫዊው የሕዋስ ሽፋን ላይ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ሥርዓት የሚፈጸም ሞትን፣ ማለትም ኔክሮሲስን ያስከትላል። ወደ አስኳሉ የሚገባው መድኃኒት ጥቂት በመሆኑ በዘረ መል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከጨረር ሕክምና ያነሰ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ የሚገባውን ያህል አልተወሳም።

መድኃኒቱ በቆዳም ውስጥ ይቀራል። ፎቶፍሪን የተሰጠው ሕመምተኛ ቢያንስ ለ30 ቀናት ከፀሐይ መጠበቅ አለበት። የተለመደው የፀሐይ መከላከያ ቅባት አያድነውም፤ ቅባቱ የሚያግደው አልትራቫዮሌትን ሲሆን መድኃኒቱን የሚያነቃው ግን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነው።