ዓሩስ፦ የቀይ ባሕሩ የመዝናኛ መንደርና የእኛ ታሪክ

በሱዳን በኩል የመጣን ቤተሰቦች ብዙ ነን። ስለ ዓሩስ የመዝናኛ መንደር የሚያውቁ ልጆቻችን ግን ጥቂት ናቸው።

ዓሩስ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች በባሕሩ ዳር ጣሪያቸው ቀይ የሆነ 15 ትናንሽ ቤቶች፣ ወጥ ቤትና የመመገቢያ አዳራሽ ሠሩ። የታሰበው ለጠላቂ ቱሪስቶች ነበር። ነገር ግን ደህና መንገድ፣ የቧንቧ ውሃና መብራት ስላልነበረው ተዘጋ።

ሆቴሉን ያከሰረው ርቀት ለሞሳድ ተስማማው። የአውሮፓ ድርጅት መስሎ በ320,000 ዶላር ለ3 ዓመት ተከራየው። ሠራተኞቹ ቀን እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ አንዳንድ ሌሊት ግን ቤተ እስራኤልን ከስደተኞች ካምፕ በጭነት መኪና አምጥተው፣ በአቅራቢያው ካለ ባሕር ዳር ለባሕር ኃይል ጀልባዎች ያስረክባሉ። እንግዶቹ ይህን አያውቁም፤ ተጓዦቹም ሆቴሉን አላዩም። በ1982 የሱዳን ወታደሮች ከተኮሱ በኋላ ጉዞው በአውሮፕላን ሆነ። በ1985 ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ ሠራተኞቹ ሌሊት ለቀው ወጡ።

የሱዳንን መንገድ ከከፈቱት አንዱ፣ በ2009 አርፈው እዚሁ ቤርሸባ የተቀበሩት አቶ ፈረደ አክሉም ናቸው።

በ2019 ስለ መንደሩ ፊልም ወጥቷል። በእግር የተጓዙት፣ በሱዳንም ወገኖቻቸውን የቀበሩት ሰዎች ታሪክ ግን ያለው በሽኩና ቤት አዛውንቶቻችን ዘንድ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሳይረፍድ እንዲጠይቋቸው አድርጉ።